የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ኤልኢዲ መብራት አገጣጠም፣ ከባትሪው ጀምሮ እስከ ውሃው ውስጥ

ጀልባዬ ላይ መብራት ልግጠም ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ መብራት ይሻላል" ብሎ ነው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን ማንም ቢጠይቀኝ መብራቱን ለጊዜው ተወውና ስለ ሽቦው እናውራ ነው የምለው። ኤልኢዲ ራሱ ቶሎ የሚሞት ነገር አደለም፣ ደህና ከሆነ ብዙ ሺህ ሰዓት ይሰራል፣ ጀልባ ላይ የሚሞተው መገጣጠሚያው ነው።

የመጀመሪያዬን ስገጥም ሁለቱን ሽቦ ጠምዝዤ በናስትሮ ጥቅልል አርጌ ጨረስኩ። ሲበራ በጣም ደስ ይል ነበር። ጥቂት ወር ቆይቶ አንድ ሌሊት መረብ እየሳብን ድርግም ድርግም አለና ጠፋ፣ እግራችን ስር ገመድ አለ፣ ቢላ አለ፣ ምንም አይታይም። ጠዋት ናስትሮውን ስልጠው ከውስጡ ውሃ ጠብ አለ፣ መዳቡ ጠቁሯል፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ይዟል፣ በጣቴ ጫን ሳረገው እንደ ደረቀ ቅጠል ፍርክስክስ አለ። መብራቱን አውጥቼ ሌላ ባትሪ ላይ ስሞክረው ቦግ አለ፣ ምንም አልሆነም። ስለዚ ይሄን መመሪያ ስታነቡ የሽቦው ክፍል ለምን እንደረዘመ ይገባችኋል።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ስራውን ለሶስት ክፈሉት

ጀልባ ላይ ያለ መብራት ሶስት የተለያየ ስራ ነው ያለው። አንደኛው ሌላው ጀልባ እናንተን እንዲያይ ነው፣ ሁለተኛው እናንተ እጃችሁንና የምትረግጡትን እንድታዩ ነው፣ ሶስተኛው ዓሣ ለመሳብ ነው። እነዚህን ሶስቱን በአንድ ስዊች ላይ ማሰር ትልቅ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ስትንቀሳቀሱ የሚበራውና ቆማችሁ ስታጠምዱ የሚበራው አንድ አደለም። ለእያንዳንዱ የራሱ ስዊች፣ የራሱ ፊውዝ።

ከዛ ምንም ሳትገዙ አንድ ማታ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ጀልባው ውስጥ ተቀመጡ። ባትሪውን መብራት ይገጠማል ባላችሁበት ቦታ ሁሉ እየያዛችሁ አብሩት፣ መሪው ጋ ሆናችሁ አይናችሁን ይወጋል ወይ፣ ነጭ የጀልባ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ይመለሳል ወይ፣ የራሳችሁ ጥላ የምትሰሩበት ላይ ይወድቃል ወይ እዩት። ጥሩ ሆኖ ያገኛችሁትን ቦታ በኖራ ጠመኔ ወይ በናስትሮ ምልክት አርጉበት (ናስትሮ እዚ ጋ ይፈቀዳል)። ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ ካሰባችሁት ያነሰ መብራት፣ ካሰባችሁት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ለምሳሌ ከጀልባው ጠርዝ ስር ወደ ታች ያዘነበለ። አይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ሃይለኛ ነጭ መብራት ግን በሰከንድ ውስጥ ያበላሸዋል፣ ከዛ ከጀልባው ውጪ ያለውን ውሃ በሙሉ ጥቁር ግድግዳ አርጎ ነው የሚያሳያችሁ። ስለዚ መሪው አካባቢ ደብዛዛ ቀይ መብራት አርጉ፣ በጨለማ የሚያየው የአይናችን ክፍል ቀይ ብርሃንን እምብዛም ስለማይሰማው ልምዱ አይጠፋም። መንጠቆ ለማሰርና ዓሣ ለማጽዳት ግን ነጭ ያስፈልጋል፣ ከነጩ ደሞ ሞቅ ያለ ቢጫማ ቀለም ያለው ይሻላል፣ ከሰማያዊማው ነጭ ይልቅ ነፍሳት አይሰበስብም።

2. ባትሪያችሁ ስንት ሰዓት እንደሚችል አስሉ

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ዋቱን በቮልት ማካፈል አምፔር ይሰጣችኋል። በሜትር 4.8 ዋት የሚወስድ ስትሪፕ (እንደ ጥብጣብ የሚለጠፈው ረጅሙ የኤልኢዲ መብራት) 5 ሜትር ብትገጥሙ 24 ዋት ነው፣ ለ12 ሲካፈል 2 አምፔር። ውሃ ውስጥ የሚገባ ባለ 36 ዋት አረንጓዴ መብራት 3 አምፔር። መልህቅ ጥላችሁ ስትቆሙ የሚበራው ነጭ ኤልኢዲ 2 ዋት ገደማ ነው፣ 0.2 አምፔር በሉት። ሁሉም አብረው ቢበሩ 5.2 አምፔር፣ 8 ሰዓት ቢሰሩ ወደ 42 አምፔር ሰዓት ማለት ነው።

አሁን ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ካላችሁ ሙሉ 100ውን መጠቀም አትችሉም፣ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተመላለሰ እድሜው ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚ በእጃችሁ ያለው 50 ነው፣ ከዛ ላይ 42 ሲወጣ ብዙም የሚተርፍ የለም። ሊቲየም ከሆነ እስከ 80 ድረስ በሰላም ትወስዳላችሁ። የአሲዱ ባትሪ ሞልቶ አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ 12.2 ላይ ሲደርስ ግማሹ አልቋል፣ እዛ ጋ ማቆም ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ሞተር የሚያስነሳውን ባትሪ ለመብራት አትጠቀሙበት። መብራቱ ኤልኢዲ ነው ትንሽ ነው የሚወስደው ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ጠዋት ሞተሩ እምቢ ሲል ከዳር ርቃችሁ ነው ያላችሁት። ለብቻው ባትሪ።

3. ስትገዙ ምን ታያላችሁ

መጀመሪያ ቮልቱን። ማሸጊያው ላይ 12 ቮልት ብቻ የሚል ርካሽ ስትሪፕ ውስጡ ያለው ትንሽ ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ እቃ) ብቻ ነው፣ ሞተሩ እየሰራ ባትሪ ሲሞላ ግን መስመሩ ላይ የሚመጣው 14.4 ድረስ ነው፣ ያኔ ስትሪፑ ከተሰራለት በላይ ከረንት ወስዶ ይግላል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ በየቦታው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ክፍት ክፍት ይሆናል። ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚል፣ ውስጡ ከረንት የሚቆጣጠር ድራይቨር ያለው ምረጡ።

ሁለተኛ የውሃ መከላከያ ቁጥሩን። አይፒ65 ማለት የሚረጭ ውሃ ይችላል ነው፣ ለመጠለያ ስር በቂ ነው። አይፒ67 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል፣ ማዕበል የሚመታው ቦታ ሁሉ ላይ ከዚ በታች አትግጠሙ። ውሃ ውስጥ ለሚኖረው አይፒ68፣ እሱም ስንት ሜትር ድረስ እንደሆነ አምራቹ የጻፈውን አንብቡ። ብሎኑና መያዣው የማይዝግ ብረት ይሁን፣ ጀርባው ደሞ አሉሚኒየም ያለው መብራት ሙቀቱን ስለሚያስወጣ እድሜው ይረዝማል።

4. የመታያ መብራቶች

ይሄን ለምርጫ አትተውት። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው አለም አቀፍ የባህር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ከፀሐይ መግቢያ እስከ መውጫ የሚበሩትን መብራቶች በዲግሪ ሳይቀር ወስኖታል። ፊታችሁን ወደምትሄዱበት አዙራችሁ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ እያንዳንዳቸው 112.5 ዲግሪ፣ ከኋላ ነጭ 135 ዲግሪ፣ ከፊት በኩል ከፍ ብሎ ነጭ 225 ዲግሪ። ከ12 ሜትር በታች የሆነ የሞተር ጀልባ የፊቱንና የኋላውን ነጭ ትቶ ዙሪያውን 360 ዲግሪ የሚያበራ አንድ ነጭ ከጎን መብራቶቹ ጋ ማብራት ይችላል፣ የጎኖቹ ቢያንስ ከ1 ናውቲካል ማይል (የባህር ማይል፣ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ነጩ ከ2 መታየት አለበት። መረብ እየጎተቱ የሚያጠምዱ ከነጭ በላይ አረንጓዴ፣ በሌላ መረብ ወይ እንደልብ መዞር በሚከለክል ረጅም መስመር የሚያጠምዱ ከነጭ በላይ ቀይ ያበራሉ። መንጠቆ ከኋላ እየጎተቱ መሄድ ግን እዚ ውስጥ አይቆጠርም። ይሄ የአለሙ ነው፣ የምታጠምዱበት ሀይቅ ወይ ወንዝ የራሱ ህግ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም እወቁ።

የድሮ አምፖል ካላችሁና ወደ ኤልኢዲ መቀየር ከፈለጋችሁ (25 ዋት የሚበላውን በ2 ወይ 3 ዋት መተካት ስለሆነ በጣም ያዋጣል) ከባለ ቀለሙ መስታወት ጀርባ ነጭ ኤልኢዲ ዝም ብላችሁ አትክተቱ። የኤልኢዲ ነጭ እንደ ድሮው አምፖል አይነት ነጭ አደለም፣ በቀለሙ መስታወት ሲያልፍ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ሊያዘነብል ይችላል፣ ቀዩም ይደክማል። ከተቻለ ለዚሁ ተብሎ የተፈቀደውን ሙሉ እቃ ቀይሩ።

ደሞ የመስሪያና የውሃ ውስጥ መብራቶቻችሁን ስትንቀሳቀሱ አጥፉ። ደንቡም የመታያ መብራቱን የሚያደናግር ወይ የሚሸፍን ሌላ መብራት ይከለክላል። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው አረንጓዴ የሚያበራ ውሃና አረንጓዴ የጎን መብራት አንድ ላይ ሲያይ ጀልባው በየት ዞሮ እንደቆመ ማወቅ አይችልም።

5. ሽቦው

እዚ ጋ ቀስ በሉ። መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ፣ ኔጋቲቩን አስቀድማችሁ።

ሽቦው ባለ ብዙ ቀጫጭን ክር ይሁን፣ አንድ ወፍራም ክር ያለው የቤት ሽቦ ጀልባ ሲንቀጠቀጥ ውሎ አድሮ ይቆረጣል። ከተገኘ መዳቡ ቆርቆሮ የተለበጠበት፣ ሲላጥ እንደ ብር የሚያብረቀርቀው ነው የሚሻለው፣ ያ አረንጓዴ ዱቄት ቶሎ አይዘውም።

ውፍረቱን በሂሳብ አውጡት። ርቀቱን በሁለት አባዙ (መሄጃና መመለሻ ነው)፣ በአምፔሩ አባዙ፣ በ0.0175 አባዙ፣ ለሽቦው ስኩዌር ሚሊሜትር አካፍሉ፣ የሚጠፋባችሁን ቮልት ይነግራችኋል። ለምሳሌ ባትሪው ከኋላ ሆኖ 6 ሜትር ርቆ ፊት ላይ ያለው መብራት 3 አምፔር ቢወስድ፣ በ1 ስኩዌር ሽቦ 0.63 ቮልት ይጠፋል፣ በ2.5 ግን 0.25 ብቻ። ለመታያ መብራት ከ3 በመቶ በላይ፣ ማለት ከ0.36 ቮልት በላይ እንዲጠፋ አትፍቀዱ፣ ስለዚ 2.5 ነው የምትወስዱት።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይሁን። ብዙ ሰው መብራቱ ጋ ያደርገዋል፣ ያ ግን ምንም አይጠቅምም፣ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ሽቦው መሀል ላይ ተፍቆ ቢነካካ ከባትሪ እስከዛ ያለው ሁሉ ይግላል፣ ከስሩ ደሞ ነዳጅ አለ። መስመሩ 5 አምፔር የሚወስድ ከሆነ ባለ 7.5 ፊውዝ በቂ ነው። ፊውዝ በተደጋጋሚ ከተቃጠለ ትልቅ አታስገቡ፣ ችግሩን ፈልጉ።

ኔጋቲቩን እንደ መኪና ከጀልባው አካል ጋ አታስሩ፣ በተለይ አሉሚኒየም ጀልባ ከሆነ። ከረንቱ በአካሉ እያለፈ ውሃ ውስጥ ብረቱን ይበላዋል፣ የሚታወቃችሁ ሲበሳ ነው። ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ሽቦ፣ ሁለቱም እስከ መነሻው ይመለሱ።

መገጣጠሚያው እንዲህ ነው የሚሰራው። ከሽቦው ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ላጡ፣ ክሩን አትቁረጡ፣ የመዳብ ማያያዣ ቱቦ ውስጥ አስገቡና በራሱ መጭመቂያ ጭመቁት፣ በተራ ፒንሳ አደለም። ከዛ ጎትቱት፣ ጠንከር አርጋችሁ፣ ከወጣ አሁን ይውጣ። በላዩ ላይ ሲሞቅ የሚኮማተር፣ ውስጡ ማስቲሽ ያለው ቱቦ አስገቡና በሙቅ አየር ዙሪያውን እየዞራችሁ አሙቁት፣ በሁለቱም ጫፍ በኩል ማስቲሹ ትንሽ ብቅ ብሎ ሲያብረቀርቅ ስታዩ ያኔ ዘግቷል፣ ካልወጣ አልዘጋም። በስታኞ ብቻ የተያያዘ ሽቦ ስታኞው ባለቀበት ጋ ደርቆ በንዝረት ስለሚሰበር ለጀልባ አልመክርም።

ሽቦው መብራቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ቅስት አርጎ ይውረድና ይውጣ፣ ሽቦውን ተከትሎ የሚመጣ ውሃ እዛ ጋ ይንጠባጠባል እንጂ መብራቱ ውስጥ አይገባም። በቀዳዳ ሲያልፍ የጎማ ቀለበት ይኑረው፣ በየስንዝሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰር፣ መገጣጠሚያ ደሞ የጀልባው ወለል ውሃ የሚያቁርበት ቦታ ላይ በጭራሽ አታርጉ። ኮምፓስ ካለ አጠገቡ የሚያልፉትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዟቸው፣ ካልሆነ መብራት ሲበራ መርፌው ሊዞር ይችላል።

6. መብራቱን መግጠም

ስትሪፕ ከሆነ የሚቆረጠው ምልክት ያለበት ጋ ብቻ ነው፣ በ12 ቮልቱ ብዙ ጊዜ በየ3 አምፖሉ። የሚለጠፍበትን ቦታ በጨርቅና በአልኮል እስኪነጣ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ከዛ ለጥፋችሁ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ ሂዱ። ማጣበቂያው ብቻውን አይበቃም፣ በየተወሰነው መያዣ አርጉለት። ካልበራ አትደንግጡ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦ ይሆናል። 5 ሜትር ሙሉ ከሆነና መጨረሻው ከደበዘዘ ከሁለቱም ጫፍ መስመር ስጡት።

ቆርጣችሁ የተከፈተውን ጫፍ በሲሊኮን ትዘጋላችሁ፣ ሲሊኮኑን ግን አሽትቱት። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ከሆነ አሲድ እያወጣ ነው የሚደርቀው፣ መዳቡን ይበላዋል። የማይሸተው፣ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆነው አለ፣ እሱን ውሰዱ።

7. ራዲዮ ካላችሁ ይሄን ፈትኑ

የኤልኢዲ ድራይቨር ራዲዮ ሊረብሽ ይችላል። የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ በ2018 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፣ መፈተኛውም ቀላል ነው። መብራቱን በሙሉ አጥፉና ቪኤችኤፉን (የጀልባውን መገናኛ ራዲዮ) ጸጥ ያለ ቻናል ላይ አርጉ፣ ስኳልቹን (ባዶውን የራዲዮ ጫጫታ የሚዘጋውን ማዞሪያ) ሽው የሚል ድምፅ እስኪሰማ ክፈቱትና ድምፁ ልክ እስኪጠፋ ብቻ መልሱት። አሁን መብራቶቹን አንድ በአንድ አብሩ። አንዱ ሲበራ ድምፁ ከተመለሰ ያ መብራት ራዲዮአችሁን እያደነቆረው ነው፣ እርዳታ የሚጠራ ሰው ላትሰሙ ትችላላችሁ። ከአንቴናው አርቁት፣ ሽቦው ላይ ፌራይት ቀለበት (ረብሻውን የሚያፍን ጥቁር ቀለበት) አርጉበት፣ ካልሆነ ቀይሩት።

8. ዓሣ የሚስበው መብራት

ዓሣው ብርሃኑን ወዶ የሚመጣ ይመስላል፣ ነገሩ ግን በአብዛኛው የምግብ ሰንሰለት ነው። ብርሃን መጀመሪያ በአይን የማይታዩትን ትንንሽ የውሃ ህይወቶች ይሰበስባል፣ እነሱን ፍለጋ ትንንሽ ዓሦች ይመጣሉ፣ ከዛ ትልልቆቹ። ስለዚ ጊዜ ይፈልጋል፣ ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም። ያልታገሰ ሰው አስር ደቂቃ አብርቶ ቦታ ይቀይራል፣ በየቦታው ከዜሮ ይጀምራል።

ቀለሙን ውሃው ነው የሚወስነው። ቀይ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ተውጦ ያልቃል። በጣም ጥርት ባለ ክፍት ባህር ሰማያዊ ነው ርቆ የሚሄደው፣ አልጌ ባለበት ሀይቅና ባህር ዳርቻ ግን አረንጓዴ ይበልጣል። ከላይ ከማብራት ውሃ ውስጥ ማስገባት ይሻላል፣ ከላይ ሲሆን ከፊሉ ነጥሮ ይመለሳል፣ ማዕበሉም ያወዛውዘዋል፣ ነፍሳትም ይሰበስባል። 1 ወይ 2 ሜትር አውርዱት፣ ክብደት አስሩበት፣ ግን በኤሌክትሪክ ገመዱ አታንጠልጥሉት፣ ለብቻው ገመድ ይኑረው። ብዙዎቹ የሚቀዘቅዙት በውሃው ስለሆነ ከውሃ ውጪ አብርታችሁ አትተዋቸው፣ ሲወጣ አጥፉት፣ ሲገባ አብሩት።

መንጠቆውን ደሞ ደማቁ መሀል ላይ አትጣሉ። ብርሃኑ ያልቃል ጨለማው ይጀምራል የምትሉበት ጠርዝ አለ፣ ትልልቆቹ እዛ ጨለማው ውስጥ ሆነው ብርሃን ውስጥ ያሉትን ትንንሾች ነው የሚጠብቁት። እኔ ብዙ ጊዜ የሚነካልኝ ከዛ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ የጀልባው ጥላ ባረፈበት በኩል ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን መብራቱ ጉልበት ያጣል፣ ውሃው በሙሉ ስለሚበራ ዓሣው አይሰበሰብም፣ ጨለማውን ሌሊት ምረጡ።

ከዚ በፊት ግን የምታጠምዱበት አገር በብርሃን ማጥመድን ይፈቅዳል ወይ የሚለውን አረጋግጡ። ለምሳሌ ጋና ውስጥ ክልክል ነው። ምክንያቱም አለው፣ ብርሃን ሲበዛ ገና ያልወለደውንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ሰብስቦ ስለሚያመጣ ውሃውን ባዶ ያደርገዋል። በሚፈቀድበትም ቢሆን ትንንሹን መልሱ።

9. ከገጠማችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ማታ ሁሉንም አብርታችሁ አንድ ሰዓት ቆዩና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጃችሁ ዳብሱት። የሞቀ ካለ በደንብ አልተጨመቀም፣ ቆርጣችሁ ድገሙት። ከዛ በቴስተር የባትሪውንና የእያንዳንዱን መብራት ቮልት ለኩ፣ ልዩነቱን በማይለቅ ቀለም የፊውዙ ሳጥን ክዳን ውስጥ ጻፉት። በየወሩ ጨው ያለበት ውሃ ከሆነ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ እንደገና ለኩ። መብራቱ ለአይን ምንም ሳይደበዝዝ ልዩነቱ ከተጻፈው በግማሽ ቮልት ካደገ የሆነ ቱቦ ውስጥ ያ አረንጓዴ ዱቄት ጀምሯል ማለት ነው፣ ጠዋት በብርሃን ፈልጋችሁ ቁረጡት።